አንድ ቁጥር ለመተማ ተማሪዎች

በመተማ ዮሐንስ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ከተማው ስሙን ያገኘው ከማህዲ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ በዚያ ምድር ከወደቁት ከንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ራብዓዊ መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያድጋል፤ ጦርነቱ የተደረገበት ቀን መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መሆኑንም ትምህርት ቤት የገባ ልጅ አያጣውም። ነገር ግን ያ ቀን ከሳምንቱ ዕለታት የትኛው እንደ ነበረ፣ በጾም ወይስ በፍስክ እንደ ዋለ፣ የዚያ ዓመት ፋሲካስ ከጦርነቱ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደ ገባ ብንጠይቀው፣ ተማሪው መጽሐፍ ፍለጋ ይሄዳል፤ መምህሩም አብሮት ይሄዳል። መልሱ ግን መጽሐፍ አያሻውም፤ አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥርን ማወቅና ጥቂት ማካፈል ይበቃዋል። ቁጥሩ 194,313 ነው። ይህን ቁጥር አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ጠብቀው አቆይተውልናል፤ እኔም ዛሬ ይህን የምጽፈው፣ ቁጥሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይወጣ ወደ ሒሳብ ክፍልም እንዲገባ፣ ይልቁንም በመተማ፣ በገንደ ውሃ፣ በሽንፋና በቋራ ልጆች ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ለመለመን ነው።

ቁጥሩ የሚለካው አንድ ዐውደ ቀመርን ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመንን በየዐውዱ ሲመድቡ፣ ዕለታት በ7፣ ዓመታት የሚሰየሙባቸው ወንጌላውያን በ4፣ የጨረቃ ሒሳብ የሆነው አበቅቴ በ19 እንደሚዞሩ ተመልክተው፣ ዕለትና ወንጌላዊ ተገናኝተው የሚመለሱበትን 28 ዓመት ዐውደ ፀሐይ፣ ወንጌላዊና አበቅቴ የሚገናኙበትን 76 ዓመት ዐውደ ማኅተም፣ ሦስቱም በአንድነት ተገናኝተው ዘመኑ እንደ ገና ከመነሻው የሚጀምርበትን 532 ዓመት ደግሞ ዐውደ ቀመር ብለው ሰየሙ። 532 ዓመት በ365 ቀን ሲባዛ 194,180 ይሆናል፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ የምትጨመረው ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን በዚህ ሁሉ ዘመን 133 ጊዜ ስለምትመጣ፣ ድምሩ 194,313 ላይ ይቆማል፤ በግእዝ አኃዝም ፲፱፼፵፫፻፲፫ ተብሎ ይጻፋል።

ለምን 532 ሆነ ለሚል ልጅ የራሱ ገበያ ያስረዳዋል። አንድ ነጋዴ ከጎንደር በየ4 ቀኑ፣ ሁለተኛው ከገዳሪፍ በየ7 ቀኑ፣ ሦስተኛው ከቋራ በየ19 ቀኑ ወደ መተማ የሚወርዱ ቢሆንና ዛሬ ሦስቱ በአንድ ቀን ሰሊጣቸውን አጠገብ ላጠገብ ቢያራግፉ፣ እንደ ገና ሦስቱም አብረው የሚውሉት 4 በ7፣ ያም በ19 ተባዝቶ በሚገኘው በ532ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ሁለት ሁለቱ ይገናኙ ይሆናል እንጂ ሦስቱ አይገናኙም። ምሥጢሩ 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆኑ ላይ ነው። አንዱ በየ4፣ ሌላው በየ6 ቀኑ የሚመጡ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት የጋራ አካፋይ ስለሚሆናቸው በ24 ሳይሆን በ12 ቀን በተገናኙ ነበር። የቀመሩ ትልቅነት እንግዲህ ከሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አለመካፈል የመጣ ነው እንጂ እንዲሁ በዘፈቀደ የተሰጠ አይደለም።

ወደ ዕለታቱ ቁጥር እንመለስና 194,313ን እንበትነው። አኃዞቹ ሲደመሩ 21 ስለሚሆኑ ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም። ለ3 ተካፍሎ 64,771፣ ያም ለ7 ተካፍሎ 9,253፣ ያም ለ19 ተካፍሎ 487 ይሰጣል፤ 487ም ከ23 በታች ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አንድ በአንድ ብንሞክርበት ለማናቸውም ስለማይካፈል እርሱም ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። እንግዲህ 194,313 ማለት የ3፣ የ7፣ የ19 እና የ487 ብዜት ነው፤ ከእነዚህም እያንዳንዱ ሥራ አለው። 3 በ487 ሲባዛ 1,461 ይሆናል፤ ይኸውም ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን ቀኖች ድምር ነው። 19ኙ የአበቅቴው ዐውድ ነው። 7ቱ ደግሞ የሳምንቱ ነው፤ ስለ እርሱም መላው ቀመር ልክ 27,759 ሳምንት ሆኖ አንዲት ቀን ሳትተርፍና ሳትጎድል ይፈጸማልና፣ ቀመሩ ሰኞ ቢጀምር የሚቀጥለውም ሰኞ ይጀምራል። ከሁሉ ይልቅ የምደነቅበት ግን የጎደለው ነው። 532ን ስንበትነው 2 ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ በ194,313 ውስጥ ግን 2 የሚባል አካፋይ የለም፣ ቁጥሩም ጎዶሎ ነው። 4ቱ ወዴት ሄደ ብለን ብንጠይቅ፣ በየዓመቱ ከ365 ቀን በላይ የምትተርፈውን ሩብ ቀን ሙሉ ቀን ለማድረግ ተከፍሎ አልቋል። አንድ ልጅ ይህን በገዛ እጁ ካገኘው፣ ስለ ክፍልፋይና ስለ አካፋይ ዓመት ሙሉ የተነገረው በአንድ ጊዜ ይበራለታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ቁጥሩን ሥራ እናሠራው። የባሕረ ሐሳብ መምህራን እንደሚያስተምሩት ለ1881 ዓመተ ምሕረት 5,500 ዓመተ ፍዳን ስንጨምር 7,381 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ስናካፍለው 1,845 ደርሶ 1 ይቀራልና ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው። የደረሰውን መጠነ ራብዒት፣ 1,845ን፣ ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምረን የምናገኘውን 9,226 ለ7 ብናካፍል 1,318 ደርሶ ምንም አይቀርም፤ ቀሪ ከሌለ ዕለቱ ሰኞ ነውና መስከረም 1 ቀን ሰኞ ብቷል። ከመስከረም 1 እስከ መጋቢት 1 ስድስት ወር፣ ማለትም 180 ቀን ነው፤ 180ም ለ7 ተካፍሎ 5 ይተርፋል፤ ከሰኞ አምስት ቀን ስንቈጥር ቅዳሜ ላይ እናርፋለን። የመተማ ጦርነት የተደረገው ቅዳሜ ቀን ነው፤ በፈረንጅም በኩል የተመዘገበው ማርች 9 ቀን 1889 ቅዳሜ ነውና ሁለቱ ይስማማሉ።

ጾሙንም እንፈልግ። 7,381 ለ532 ሲካፈል 13 ቀመር ተፈጽሞ 465 ይተርፋል፤ 465 ለ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ ከ9ኙ አንዱን ለያዝነው ዘመን አጉድለን ወንበሩን 8 እንላለን። 8 በ11 ተባዝቶ 88፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 28፤ 8 በ19 ተባዝቶ 152፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 2፤ ሁለቱ ተደምረውም እንደ ሥርዓቱ 30 ይሆናሉ። መጥቅዕ ከ14 ካነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ይውላልና ጥቅምት 2 ቀን ሐሙስ ነው፤ ለሐሙስ የሚጨመረው ተውሳክ 3 ሲደመር የአጽዋማቱ መነሻ መባጃ ሐመሩ 5፣ ጾመ ነነዌም የካቲት 5 ቀን ሰኞ ይገባል። ለመባጃ ሐመሩ 14 ጨምረን ዐቢይ ጾም የካቲት 19 እንደ ተያዘ፣ 69 ጨምረን በስድሳ ስንገድፍ ፋሲካ ሚያዝያ 14 ቀን እንደ ዋለ እናገኛለን። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ የቆሰሉት በቅድስት ሳምንት የመጨረሻ ቀን፣ የምኵራብ እሑድ ሊብት አንድ ቀን ሲቀረው ነበር፤ ፋሲካም የገባው ከጦርነቱ 43 ቀን በኋላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የውጫሌን ውል የተዋዋሉበት ሚያዝያ 25 ቀንም በዚሁ ሒሳብ ከፋሲካው 11 ቀን በኋላ ሐሙስ ላይ ይወድቃል። ይህ ሁሉ የተገኘው ያለ አንዳች ሰነድ፣ በመደመር፣ በማባዛትና በማካፈል ብቻ መሆኑን አንባቢ ይመልከትልኝ።

ከዚህም የሚበልጥ ኃይል በቁጥሩ ውስጥ አለ። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ዘመኑን የሚያስታውቁት በወንጌላዊው፣ በዕለቱና በአበቅቴው ነበር። ብራናው ተቀዶ የዓመቱ ቁጥር ቢጠፋና የቀረልን ዘመነ ማቴዎስ፣ መስከረም በሰኞ፣ አበቅቴ 28 የሚለው ብቻ ቢሆን ምን እናደርጋለን? አበቅቴ 28 ወንበሩ 8 መሆኑን፣ ወንበር 8ም ዓመቱ ለ19 ሲካፈል 9 የሚተርፈው መሆኑን ይነግረናል። ከእነዚህ መካከል ለ4 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸውን ብንለይ በቀመሩ ውስጥ ሰባት ዓመታት ብቻ ይቀራሉ፤ እነርሱም 9፣ 85፣ 161፣ 237፣ 313፣ 389 እና 465 ናቸው፤ በሁለት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 76፣ ማለትም አንድ ዐውደ ማኅተም ነው። የእያንዳንዱን መስከረም ብንመረምር፣ 9ኛው ዓርብ፣ 85ኛው ማክሰኞ፣ 161ኛው ቅዳሜ፣ 237ኛው ረቡዕ፣ 313ኛው እሑድ፣ 389ኛው ሐሙስ፣ 465ኛው ሰኞ ይብታሉ፤ ሰባቱ ዓመታት ሰባቱን ዕለታት ሳይደጋግሙና ሳያስቀሩ ተካፍለዋቸዋል። ሰኞ የደረሰው ለ465ኛው ብቻ ነውና የጠፋው ዓመት ተገኘ። በ532 ዓመት ውስጥ ሦስቱን ምልክቶች በአንድነት የያዘ ሌላ ዓመት የለም፤ ከዚህ ቀመር በፊት ተመሳሳዩ በሰይፈ አርዕድ ዘመነ መንግሥት የዋለው 1349 ዓ.ም. ነው፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ 2413 ዓ.ም. ይሆናል።

ይህ ጠባይ በዓለም የሒሳብ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ነው። የቻይናው ሱንዚ በጥንት መጽሐፉ ለ3 ሲካፈል 2፣ ለ5 ሲካፈል 3፣ ለ7 ሲካፈል 2 የሚተርፈው ቁጥር ማን ነው ብሎ ጠይቆ 23 ነው ሲል መልሷል፤ የዛሬ የሒሳብ ሊቃውንትም ነገሩን በቻይናውያን ስም ይጠሩታል። ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ የፋሲካን ቀን ማውጫ ዘዴ በ1800 እ.ኤ.አ. አሳትሞ፣ በ1801 ደግሞ የቀሪዎችን ሒሳብ ሥርዓት ያስያዘበትን ታላቅ መጽሐፉን አወጣ። የዘመን ቈጠራ ሊቁ ስካሊጀር በ1583 እ.ኤ.አ. 28ን፣ 19ንና 15ን አባዝቶ ያቆመው 7,980 ዓመት፣ የሥነ ፈለክ ሰዎች እስከ ዛሬ ቀን የሚቈጥሩበት፣ ከእኛው 532 አሥራ አምስት እጥፍ ነው። ቀመሩ የእኛ ብቻ ነው ብዬም አልመካም፤ የ532ቱ ዓመት ዐውድ በአምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ በእስክንድርያው መነኩሴ በአንያኖስ እጅ ተሠርቷል፣ በምዕራብም ቪክቶርዮስ ዘአኲታንያ በ457 እ.ኤ.አ. ሠንጠረዡን አዘጋጅቶበታል። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረቱን እስከ አሥራ ሁለተኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት እስከ ድሜጥሮስ ያደርሰዋል፤ ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ ገብቶ 23 በ7 ተባዝቶ 161፣ በ30 ሲገደፍ 11፤ 7 በ7 ተባዝቶ 49፣ በ30 ሲገደፍ 19 እንዳገኘና ጥንተ አበቅቴና ጥንተ መጥቅዕ እንዳደረጋቸው ይተርካል። ምዕራቡ ዓለም ሠንጠረዡን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲመልሰው በእኛ ዘንድ ግን ሒሳቡ በሕያው መምህር አፍ እየተነገረ፣ በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በዐውደ ምሕረት እየታወጀ ቆይቷል። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው ታላቁ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል።

ሁለት ተቃውሞ ይቀርብብኝ ይሆናል። አንደኛው፣ ቀመሩ ከሰማዩ ጋር አይስማማም የሚል ነው፤ እውነትም ነው። በ532 ዓመት ውስጥ 6,580 የጨረቃ ወራት እንቈጥራለን፤ በሰማይ ያሉት 6,580 ወራት ግን 194,313 ቀን ሳይሞላቸው ወደ ሁለት ቀን ያህል ቀድመው ያልቃሉ፤ ፀሐይም ዙሯን አራት ቀን ቀድማ ትጨርሳለች። የመተማው ዓመት ራሱ ምስክር ነው፤ በሒሳባችን ፍሥሕ፣ ማለትም የአይሁድ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 12 ላይ ሲውል፣ ጨረቃዋ በሰማይ የሞላችው ሚያዝያ 8 ቀን ነበር። ነገር ግን ይህ ጉድለት የቁጥሩ አይደለም። የፀሐይና የጨረቃ ዙረት በሙሉ ቁጥር አይለካምና፣ በሙሉ ቁጥር ሊይዛቸው የሚነሣ ሁሉ ጥቂት ማምለጡን አስቀድሞ ሊቀበል ይገባዋል። ይህም ለተማሪ ሊነገረው የሚገባ ትምህርት ነው፤ የዘመን ቈጠራው ይለወጥ ወይስ ይቈይ የሚለው ግን የሒሳብ ክፍል ጉዳይ አይደለም፣ ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለሆነ በመንግሥት ትምህርት ቤት አይገባም የሚል ነው፤ በመተማ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ወንበር ይማራሉና ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መልሴ የሙስሊሙን ልጅ ቁጥር ከክርስቲያኑ ቁጥር አጠገብ እንጻፈው የሚል ነው። የሒጅራው ሒሳብ በ30 ዓመት ዙር ይሄዳል፤ 19ኙ ዓመታት 354፣ 11ዱ 355 ቀን ሆነው ድምሩ 10,631 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ2 ጀምሮ እስከ 103 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አይከፍሉትም። 7ም ስለማይከፍለው ዕለታቱ በ30 ዓመት አይመለሱም፤ ሰባት ጊዜ 30፣ ማለትም 210 ዓመት፣ በቀን ሲቈጠር 74,417 መሙላት አለበት። የጉምሩክ ወረቀት የሚጻፍበት የጎርጎርዮስ ቈጠራ ደግሞ በ400 ዓመት 146,097 ቀን ይሆናል፤ እርሱም ለ7 ሳይተርፍ ይካፈላል። በአንዲት የጠረፍ ከተማ፣ ከሱዳኗ ገላባት ማዶ፣ ሦስቱም ቈጠራ በየቀኑ ይሠራበታል። ለሒሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ ክፍል የት ይገኛል?

ጥቅሙ ለዕውቀት ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘመን መጋቢት 1 የሚውለው ማርች 10 ላይ ነው፤ 1900 በጎርጎርዮስ ቈጠራ ሠግር ዓመት ስላልነበረ ግን ከዚያ አስቀድሞ በነበረው መቶ ዓመት ማርች 9 ላይ ይውል ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው ማርች 9 ቀን 1889ን በዛሬው ልማድ ቢመልስ የካቲት 30፣ ዓርብ ያገኛል፤ ታሪኩንም በአንድ ቀን ያዛባል። ስለዚያ መቶ ዓመት የተጻፉ መጻሕፍትን ያገላበጠ ሁሉ እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ስሕተት ደጋግሞ አይቶታል። 194,313 ለ7 እንደሚካፈል የሚያውቅ ተማሪ ግን ዕለቱን አውጥቶ ስሕተቱን በዚያው ያርመዋል።

ስለዚህ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ በሒሳብ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ቀሪ፣ ስለ ብቸኛ ቁጥርና ስለ ትንሹ የጋራ ብዜት በሚያስተምርበት ምዕራፍ ይህን ቀመር ከሒጅራው ዙር ጋር እንዲያስገባ፤ የምዕራብ ጎንደር ርእሳነ መምህራን መጽሐፉ እስኪታተም ሳይጠብቁ አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህርና አንድ የሒጅራ ሒሳብ ዐዋቂ ሼህ በአንድ ቀን ወደ ክፍል ጠርተው ከሒሳብ መምህሩ ጋር እንዲያቆሙ እለምናለሁ። ለመጽሐፉ ሁለት ገጽ፣ ለክፍሉ የአንድ ሳምንት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።